ማኅተም ያላት አህያ

ሥዕል አልችልም። አንደኛ ደረጃ ሳለሁ መምህሬ የሣልኳትን ላም ትክ ብለው አይተው «ጎበዝ፣ ወንበሩ ያምራል» ብለውኛል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለው ጓደኛዬ «ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ሥራ ላይ ተሳተፍ» ሲለኝ አስቀድሜ የጠየቅሁት ዳኛው ማን እንደሆነ ነው። ዳኛ የለም አለኝ። መመዝገቢያስ? አይከፈልም። ሥራው ይመለሳል? አይመለስም። የተላከ ሁሉ ይታያል፣ ወደቀ የሚባል ሰው የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ፈተና ይኸው ነበር።

ነገሩ የፖስታ ጥበብ ይባላል። ስሙ ከማንም በላይ የሚነሣው ከሬይ ጆንሰን ጋር ነው። ይህ አሜሪካዊ ከኒው ዮርክ ሆኖ ቁርጥራጭ ሥዕል ለሚያውቀውም ለማያውቀውም በፖስታ ይልክና «ጨምርበትና መልስ» ብሎ ይጽፍበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ዊትኒ ሙዚየም ለዚሁ ሥራው ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅለት፣ ሰውየው ደብዳቤ የሚጻጻፋቸውን ሰዎች «እናንተ ላኩ» አላቸው። የላኩት ተሰቀለ።

እኔ የገባሁበት የጃፓኑ ነው። ርዮሱኬ ኮኸን የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1985 «ብሬይን ሴል» ብሎ ጀመረው። ከየአገሩ የሚደርሰውን ትንንሽ ሥዕል፣ ማኅተምና ተለጣፊ አንድ ወረቀት ላይ ያሰፍርና 150 ቅጂ አዘጋጅቶ፣ ለተሳታፊዎቹ ከነአድራሻ ዝርዝራቸው ይልካል።

እኔም የአህያ ማኅተም ለማስቀረጽ ወጣሁ።

«የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዘዋል?» አለኝ ቀራጩ።

«መሥሪያ ቤት የለኝም። አህያ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«የድርጅቱ ስም አህያ ነው?»

«ድርጅት አይደለም፣ አህያ ናት።»

«እሺ፣ ንግድ ፈቃዷስ?»

አልፈረድኩበትም። እኛ አገር ማኅተም ከሰው ይከበራል። ሰው ቆሞ «እኔ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ወረቀቱ ላይ ክቧ ስታርፍ ግን ሟች እንኳ በሕይወት አለ ይባላል። የፖስታ ጥበብ ሰዎች ደግሞ ማኅተም መጫወቻቸው ነው፤ ላጲስ ፈልፍለው የሌለ አገርና የሌለ ሚኒስቴር ያቋቁማሉ። ቤቴ ገብቼ ምላጭና ላጲስ አነሣሁ። ፊደል በግልባጭ ካልተቀረጸ ሲታተም አይነበብም፤ «አዲስ አበባ»ን ወደ ኋላ ስጽፍ አምሽቼ አህያዋ ላይ ስደርስ ላጲሱ አለቀብኝና ጆሮዋ አጠረ። ዙሪያዋን ክብ አደረግሁላት።

አክስቴ ወይን ጠጁን ቀለም ከሩቅ አዩት። መነጽራቸውን አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ክብ ማኅተም የማነው?»

«የእኔ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ለቤቱ ጉዳይ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ናቸው እየተባልኩ ስመላለስ፣ አንተ ጓዳ ተቀምጠህ ታትማለህ?»

ሲስቁ ነው የተረጋጋሁት፤ ወረቀታቸውን ሊያመጡ መስሎኝ ነበር።

150 ተለጣፊ ላይ አትሜ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ተራዬን ስጠብቅ አንድ ነገር አሰብኩ፦ እ.ኤ.አ. በ1894 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችንም እኮ ዓለም አቀፍ የትብብር ሥራ ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ ያለው መልክ የምኒልክ ነው፣ ቀራጩ ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፣ የታተሙት ፓሪስ ነው። ታዲያ እኔስ ምን ጎደለኝ?

«ምንድነው ያለበት ጋሼ?» አለችኝ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ።

«አህያ። 150።»

«ዋጋው?»

«ዋጋ የለውም።»

«ዋጋ ከሌለው ለምን ይልኩታል?»

ስንት ሐያሲ የደከመበትን ጥያቄ እሷ ቴምብር እየቀደደች ጠየቀችኝ። መልስ ሳጣ ባልደረባዋን ጠራቻትና አንዱን ተለጣፊ አብረው አገላብጠው አዩት። «ጆሮዋ አጠረ» አለች ሁለተኛዋ። ጃፓን ዳኛ የለም የተባለው እውነት ይሆናል፤ እዚህ ግን ሁለት ነበሩ።

ከወራት በኋላ ወረቀቱ መጣ። አህያዬ ከማላውቀው ሰው ዓሣ ሥር ተገልብጣ ተኝታለች፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ችግር የመጣው ከአድራሻው ዝርዝር ነው። የራሴ ፖስታ ሳጥን ስለሌለኝ የሰጠሁት የአክስቴን ነበር፣ «በእሳቸው በኩል» ብዬ። ዝርዝሩን ያየ ፈረንጅ ሁሉ እሳቸውን ሠዓሊ አድርጎ መጻፍ ጀመረ። ከጣሊያን ቅጠል የተለጠፈበት ካርድ መጣላቸው፣ ከጀርመን ደግሞ የድመት ማኅተም።

«ተዉት እትዬ፣ መልስ ግዴታ አይደለም» አልኳቸው።

«ጎረቤት የላከውን ሳህን ባዶውን ትመልሳለህ? ነውር አታውቅም?»

ያረጀ ነጠላቸውን አወጡ፣ ጥለቱን በጣት ስፋት ቆረጡ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ ሰፉት። ከጥጉ ላይ የእኔን አህያ አሳረፉበት፤ ያለ ማኅተም ወረቀት ከቤታቸው አይወጣም። አሁን ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው የሚደርሰው ይበዛል። እውነቱን ለመናገር ሥራቸውም ከእኔ ይሻላል።

መሳተፍ የምትፈልጉ ካላችሁ ላጲስና ምላጭ ይበቃችኋል፤ ላጲሱን ግን ረዘም ያለ ግዙ። አድራሻ የሌላችሁ በአክስቴ ሳጥን መጠቀም ትችላላችሁ፣ ፈቅደዋል። የዘንድሮውን ኪራይ ግን «ሠዓሊዎቹ ተካፍለው ይክፈሉ» ብለዋል።