ዓይን ያልተማከረበት ቴሌቪዥን

በኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የሚቀየረው አሮጌው ስለደበዘዘ አይደለም። ዕቁብ ስለደረሰ ነው፣ ፋሲካ ስለቀረበ ነው፣ የዓለም ዋንጫ ስለመጣ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ከላዳ ጣሪያ ላይ ሰፊ ካርቶን ሲያወርድ ስለታየ ነው። ካርቶኑ በሰው ትከሻ ደረጃውን ሲወጣ በር ሁሉ ገርበብ ይላል። የዚያኑ ዕለት ማታ በየቤቱ «የኛ እኮ ምስሉ ጥራት የለውም» የሚል ወሬ ይነሳል። እስከዚያች ማታ ድረስ ስለ ጥራት ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም።

ወሬው ከተነሳ ቀጣዩ ጉዞ ወደ መርካቶ ነው። ሱቁ ግድግዳው ሙሉ ስክሪን ነው። ማር በዝግታ ይንጠባጠባል፣ በቀቀን ላባውን ያራግፋል፣ የማናውቀው ከተማ መብራት በሌሊት ያብለጨልጫል። ፊልሙ የተቀረጸው በፎርኬ ነው፤ የሚጫወተው በፍላሽ ነው፤ ብርሃኑና ቀለሙም ለሱቅ እንዲሆን እስከ መጨረሻው ተለቋል። ገዢው ከስክሪኑ አንድ እርምጃ ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጎ የበቀቀኑን ላባ ይቆጥራል። «አባቴ፣ ይሄ ፎርኬ ነው፤ ከድሮው አራት እጥፍ ነው» ይላል ሻጩ። ሻጩ እዚህ ላይ አልዋሸም። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው፤ ፎርኬው ስምንት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ገደማ። ነጥቦቹ በእርግጥ አሉ። ችግሩ፣ ቤት ከገቡ በኋላ አብዛኞቹ ሥራ አጥ ይሆናሉ።

ቤት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ዳር ዳሩ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ አይላጥም፤ ሪሞቱም ከነላስቲኩ ይቀመጣል። ከዚያ አሮጌው ሪሲቨር ይመጣል። ባለ ሦስት ጫፏ ገመድም፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይዋ፣ እንደልማዷ ተከትላው ትመጣለች። ነጩና ቀዩ ለድምፅ ነው። ምስሉን ሁሉ የሚሸከመው ቢጫው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ጀርባቸው ላበጠ ቴሌቪዥኖች ዘመን የተሠራ ነው፤ ኤችዲ የሚባል ነገር አያልፍበትም። ለስክሪኑ የሁለት ዓመት ዕቁብ የከፈለ ሰው፣ ለኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሆን «ይቺ እኮ ትሠራለች» ይላል። ትሠራለች፤ ችግሩም እሱ ነው።

በዚህች ገመድ የሚመጣው ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው። ስክሪኑ 3840 በ2160 ነው። አባዝታችሁ አካፍሉት፤ ልክ 20 እጥፍ ይመጣል። ስለዚህ ገመዷ አንድ ነጥብ ስታደርስ የቀሩትን 19 ቴሌቪዥኑ ራሱ ገምቶ ይሞላቸዋል። ለአንድ ሰው በተሠራ ሽሮ ላይ ውኃ እየቸለሱ 20 እንግዳ ማስተናገድ ማለት ነው። የዜና አንባቢዋ ጉንጭ ያለ ልክ ይለሰልሳል፣ የተጫዋቹ ማልያ ላይ ያለው ቁጥር ይሟሟል፣ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ጠርዙን ያጣል። ባለቤቱ ግን ሶፋው ላይ ተደላድሎ «አየህ ጥራቱን!» ይላል፤ እንግዳውም በጨዋ ደንብ «ኧረ ይሄ ሌላ ነው» ብሎ ይመልሳል። በፎርኬ የሚያሰራጭ የአገር ውስጥ ጣቢያ እኔን እስካሁን አልገጠመኝም፤ እንግዳው ያየው «ሌላ» ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ኢንተርኔት አለ ይባላል። አለ። ኔትፍሊክስ ለፎርኬ በሰከንድ 15 ሜጋ ቢት ፍጥነት ይፈልጋል። ቤት የገባው መስመር 4 ሜጋ ከሆነና እሱኑ ሁለት ልጆች ቲክቶክ ከፍተው ከተሻሙበት፣ ጥርት ብላ የምትታየው ፊልሙ መሀል ላይ የምትሽከረከረዋ ክብ ናት።

ገመዱም ኢንተርኔቱም ቢስተካከል ሶፋው ይቀራል። ጤነኛ ዓይን ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ለይቶ የሚያይበት ወሰን አለው፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ያለው የፊደል ሰሌዳም የተሠራው በዚሁ ልክ ነው። በዚህ ሲሰላ የ55 ኢንች ፉል ኤችዲ ነጥቦች ከ2 ሜትር ከ20 ገደማ በላይ ከተራቁ አይለዩም። ያልተለየን ነጥብ ደግሞ አራት ቦታ ቢከፍሉት ለዓይን የሚጨምረው የለም። ለ75 ኢንች ወሰኑ ወደ 3 ሜትር ነው። አሁን የጂ ፕላስ ቱ ሳሎን ውሰዱ። ሶፋው ከግድግዳው 5 ሜትር ርቋል፤ መሀሉ ላይ ምንጣፍ፣ ባለ መስተዋት ጠረጴዛ፣ አቧራ የለበሰ የፕላስቲክ አበባ አለ። በዚያ ርቀት ላይ 75 ኢንች ቢሰቀል፣ ፉል ኤችዲ ቀርቶ ከእሱ በታች ያለው 720 እንኳ ከፎርኬ አይለይም። ፎርኬ በትክክል የሚጠቅመው ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ ጣት የቲቪ ማስቀመጫውን የሚነካውን ወንደላጤ ነው። እሱ ያለው ግን 32 ኢንች ነው።

ባለ ሰፊው ሳሎን ይህን ቢሰማ ሶፋውን እንደማያስጠጋ እርግጠኛ ነኝ። ሶፋው እዚያ የተቀመጠው ለመታየት እንጂ ለማየት አልነበረም።

ድሮ ለመቀየር መወሰን እንዲህ አያወዛግብም ነበር። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው። በ1977 ዓ.ም. ቀለም ሲመጣ ሜትርም ሂሳብም አላስፈለገም፤ ባንዲራው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆኖ ታየ፣ አለቀ። ጀርባው ያበጠው ወጥቶ ፍላቱ ሲገባ ቡፌው እንኳ ከሸክሙ ተገላገለ፤ ማረፊያ ያጣው ዳንቴሉ ብቻ ነው። አሁን ልዩነቱ ሲያንስ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አደገ።

በሌላ ወገን ደግሞ ጠባቂው አለ። ይህ ሰው ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤልጂ ባለ 84 ኢንች ፎርኬውን አሜሪካ ውስጥ በ20 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሸጥ «ይረክሳል፣ እንታገሥ» አለ። ልክ ነበር፤ ረከሰ። ሲረክስ ግን «ኤይትኬ እየመጣ ነው» አለ። የጃፓኑ ኤንኤችኬ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በኤይትኬ ማሰራጨት ሲጀምር ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ያበሰረው እሱ ነው። ኤይትኬ 33 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ በእሱ ጥራት የተሠራ ፊልም ለማግኘት ግን ፋኖስ ይዞ መዞር ያስፈልጋል። ጠባቂያችን ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ይጠብቃል። እስከዚያው ባለቤቱ መሀሉ ላይ አረንጓዴ መስመር የወጣበትን ስክሪን ታያለች፣ ልጆቹ የበዓል ፕሮግራም ጎረቤት ሄደው ይመለከታሉ። በዚህ መሀል ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጣ፤ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ሲጠብቀው የኖረው ቴሌቪዥን በዶላር ረክሶ በብር ተወደደ። ጠባቂው ይህንንም አንብቦታል፤ አሁን የሚጠብቀው ምንዛሪው እስኪወርድ ነው።

ለመሆኑ መቼ ይቀየር ለሚለኝ፣ አሮጌው ሲሞት ነው የምለው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ከ50 ኢንች በላይ የሆነ አዲስ ቴሌቪዥን ከሞላ ጎደል ሁሉም ፎርኬ ስለሆነ ሳይጠሩት ይመጣል፤ መቸኮሉ ትርፍ የለውም። ተርፎኛል የሚል ሰው ገንዘቡን ጥቁሩ በእውነት በሚጠቁር፣ ብሩሁም በሚበራ ስክሪን ላይ ያውል፤ ይህ ልዩነት ከ5 ሜትርም ይታያል። ከሁሉ በፊት ግን ሶፋዎን እስከ ግድግዳው በሜትር ይለኩ። ሪሲቨርዎ ጀርባ ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለም ያቺን ቢጫ ገመድ ነቅለው አንድ ኤችዲኤምአይ ይግዙ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ብቅ ብሎ ከጠየቀዎት «ፎርኬ አስገባን» ይበሉት፤ ከሶፋው ላይ ሆኖ የሚያስተባብልበት ዓይን የለውም።