ፉሪ ላይ ክሬም ለሚገዙ ሁሉ ልባዊ ምክር

ፉሪ ውስጥ የፊት ክሬም ሊገዙ ወደ ኮስሞቲክስ ቤት ሲገቡ ጥብቅ ምክሬ አንድ ነው፦ ካርቶኑን አያገላብጡ። ከፊቱ ጉንጯ የሚያበራ ልጅ አለች፤ እሷን ይመኑ። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ለጉንዳን የተጻፈ ይመስላል። ደግሞም ያነበበ ሰው ዋጋ መከራከር ይጀምራል፤ ባለሱቁን ማስቀየም ምን ይጠቅማል?

ካነበቡማ ጉድ ይሰማሉ። ይዘቱ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ክሬም ላይ የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው «አኳ» ነው፤ ውሃ፣ ያውም በፈረቃ የምንጠብቀው ውሃ። ከሱ ቀጥሎ ግሊሰሪን፣ ከዚያ ዘይትና ሰም ይመጣሉ። ከፊት በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ወርቅ ወይም የቀንድ አውጣ ልጋግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሽቶው አጠገብ፣ ጭራ ላይ ነው። ፌኖክሲኢታኖል የሚባል ማቆያ አለ፤ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ ማለፍ አይችልም። እንግዲህ ከሱ በታች የተሰለፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ይህን ማወቅ የመግዛት ፍላጎት ይዘጋልና አይወቁት።

ርካሽ ነገርንም ይጠየፉ። ግሊሰሪን ውሃ ወደ ላይኛው የቆዳ ንብርብር ይስባል፤ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት የተሰጠበት ቫዝሊን ደግሞ የተሳበው ውሃ እንዳይተን ከላይ ይከድናል። በኅዳር ደረቅ ነፋስ፣ ፊትን ታጥቦ ሳይደርቅ ግሊሰሪን ያለበትን ተራ ሎሽን መቀባት፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ ቫዝሊን መደረብ፣ ለብዙ ሰው በቂ ነው። ግን ቡና ላይ ምን ብለው ያወሩታል?

ኒያሲናማይድም ይቅርብዎ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህ የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት የቆዳ ቀለም ወደ ላይኞቹ ሕዋሳት እንዳይተላለፍ ይገታል፤ ከብጉር የተረፈ ጥቁረትን ቀስ እያለ ያደበዝዛል፤ ግን በወራት እንጂ በሳምንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ሕንድ ውስጥ ገበያ የወጣው ማቅያ ክሬም፣ ፌር ኤንድ ላቭሊም፣ ይኸው ነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙ ግሎው ኤንድ ላቭሊ ሆነ። ቅላት ማምለክ በስም ለውጥ የሚድን ከሆነ፣ እንግዲህ ድነናል። ሳሊሲሊክ አሲድ ዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነውን ቀዳዳ ገብቶ ይጠርጋል፤ ለብጉር የሚሸጠው እስከ 2 በመቶ ነው። ሬቲኖል የሚባለው የሚቀባው ማታ ማታ ነው፣ ነፍሰ ጡር ግን አትነካውም። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ስም የሌለው ብልቃጥ። ሻጯ ከመደርደሪያው ሥር ታወጣዋለች። ውስጡ ምን እንዳለ ሲጠይቋት «ተፈጥሯዊ ነው የኔ እናት፣ በሳምንት ፊትሽን አታውቂውም» ትላለች። ሁለተኛው እውነት ሊሆን ይችላል። በሳምንት የሚያቀላ ቅልቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ይገኛል። አንዱ ክሎቤታሶል ነው፤ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ ከኃይለኞቹ የሚመደብ፣ ሐኪም ለከባድ የቆዳ በሽታ በ0.05 በመቶ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ የሚያዝዘው። ፊት ላይ ወራት ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉርና ፀጉር ይወጣል። ሲያቆሙት ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ሰው ተመልሶ ያንኑ ይገዛል። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ማዲያት ላይ በሐኪም ክትትል ይሠራል። ያለ ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ግን ሊያነጡት የፈለጉትን ፊት ሰማያዊ ያዘለ ጥቁረት ያስይዘዋል፤ ደቡብ አፍሪካ ይህን አይታ ከመዋቢያዎች ከልክላዋለች። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል። ስለ ሜርኩሪ የተፈረመው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበትን ማቅያ ክሬም እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና ድንበር እንዳይሻገር አግዷል። ብልቃጡ ስም ያጣው መንገድ ላይ ጠፍቶበት አይደለም።

ፀሐይ መከላከያ ግን ጨርሶ አይግዙ፤ የፈረንጅ ነገር ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባም 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ለማዲያት ደግሞ ብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም የተቀላቀለበት ሰንስክሪን የተሻለ ነው፤ የሚታየውንም ብርሃን ይጋርዳልና። ይህን ሁሉ ከማሰብ ግማሽ ሎሚ ፊትዎ ላይ ጨምቀው እኩለ ቀን ላይ የታክሲ ሰልፍ ይያዙ። ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ የተቃጠለው ቦታ ይጠቁራል፤ ከዚያ ለጥቁረቱ ብልቃጡን ይገዛሉ። ዙሩ ሞላ።

እስካሁን የመከርኩትን እንደ ምክር የወሰዱ ካሉ ግን አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልንገርዎ። ስም የለሹን ቅልቅል ለወራት ሲቀቡ ከኖሩ በራስዎ ውሳኔ በድንገት አይጣሉት፤ በአየር ጤና በኩል ባለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉ። ሲሄዱ ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።