ራሳችሁን ፈትናችሁ ራሳችሁን ላሳለፋችሁ

ለትምህርት ቤታችን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የደስታ መግለጫና አንድ ትንሽ ጥያቄን ይመለከታል

ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣

የደስታ መግለጫዬ የዘገየው በቸልተኝነት አይደለም። የትምህርት ቤቱ ግለ ግምገማ ውጤት የተለጠፈበት ሰሌዳ መስታወቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዙት ጸሐፊ ተዛውረዋል፤ ወረቀቱም በፀሐይ ተጠቅልሎ ጀርባውን ሰጥቶናል። አንገቴን አጣምሜ እንዳነበብኩት ከሆነ በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ በአራቱም ለራሳችሁ ከፍተኛ ነጥብ ሰጥታችኋል። በአመራር ያገኛችሁት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እሰየው ነው።

ደስታዬን ሙሉ እንዳይሆን ያደረገብኝ የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በአገር ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ሲሆኑ የኛም ከነሱ አንዱ ነው። ያኔ የወላጆች ስብሰባ ይጠራል፣ አንድ ሰው ተነሥቶ “እንዲህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው” ይለናል ብለን ጠብቀን ነበር። ስብሰባው በርግጥ ተጠራ። አጀንዳው ለጥበቃ ደመወዝ መዋጮ ነበር።

መቼም ታስታውሳላችሁ፤ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ መንግሥት ልጆቻችንን በአውቶቡስ እያስጫነ ዩኒቨርሲቲ ያስፈተናቸው፣ በየትምህርት ቤታቸው ሲፈተኑ ኩረጃውና የፈተና ስርቆቱ ስላስቸገረ ነው። ስልክ ተከለከለ፣ ኪስ ተፈተሸ፣ ወላጅም ከአውቶቡሱ በር ላይ ተሰናብቶ ተመለሰ። በዚያ ዓመት ያለፉት 3.3 ከመቶ ሆኑና እውነቱ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። እኔ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ግን ተማሪ በሰፈሩ ሲፈተን የማይታመን ከሆነ፣ ኮሚቴ በገዛ ቢሮው፣ ሻይ እየጠጣ፣ ራሱ አውጥቶ ራሱ ያረመው ፈተና በምን ሒሳብ ይታመናል?

ስለዚህ የዘንድሮውን የግለ ግምገማ ቅጽ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ እንድትሞሉልን በትሕትና እጠይቃለሁ። አንሶላና ብርድ ልብሱን ወላጅ ያዋጣል፤ ማዋጣት ለምደናል። በር ላይ ትፈተሻላችሁ፤ ያምናው ቅጽ ኮፒ ካልሲው ውስጥ የተገኘበት አባል ውጤቱ ይሰረዛል። ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ አንድ ዴስክ ላይ አይቀመጡም። ከ50 በታች ያመጣ እንደ ልጆቻችን ሪሚዲያል ይገባል፤ ትምህርቱም ስለ ባሕር ዛፍ ይሆናል።

ባሕር ዛፉን ያነሣሁት ያው የጋራችን ስለነበረ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩ ጥግ የነበረውን ማለቴ ነው፤ ወላጆች በዘመቻ የተከሉትን። በጨረታ መሸጡን ሰምተናል። የጨረታው ማስታወቂያ የወጣው ያ የተቆለፈ መስታወት ውስጥ ስለነበር አንድ ተጫራች ብቻ ቀርቦ፣ ብርቱ ፉክክር አድርጎ አሸነፈ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ስጠይቅ ቃለ ጉባኤ አወጣችሁልኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደዚህ ያማረ ቃለ ጉባኤ አይቼ አላውቅም! “በሰፊው ከተወያየን በኋላ ለልዩ ልዩ የትምህርት ቤቱ ሥራዎች እንዲውል በሙሉ ድምፅ ወስነናል” ይላል። ክቡ ማህተም አለው፣ ሁሉም ፈርሟል። የተማሪዎች ተወካይዋ ፊርማም ከግርጌ አለ። ቀኑን ሳየው ግን ሐምሌ ነው፤ ያውም የፈተናው ሳምንት። ልጅቷ ጎረቤቴ ናት፤ በዚያ ሳምንት እዚህ አልነበረችም፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለ ስልክ ተቀምጣ ፊዚክስ ትፈተን ነበር። በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መገኘት የምትችል ተማሪ እያለችን በፈተናው አንድ ሰው ማሳለፍ ያቃተን እንዴት እንደሆነ እስካሁን ይገርመኛል።

አንድ ነገር ያለ ሽሙጥ ልበል። ትምህርት ቤት ራሱን በራሱ ያስተዳድር የተባለው ያለ ነገር አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ ለቀበሌ ትምህርት ቦርድና ለወላጅ መምህር ኅብረት ሥልጣን የሰጠው፣ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራምም ለየትምህርት ቤቱ በቀጥታ ድጎማ ያወረደው፣ የኛን መጸዳጃ ቤት በር መገንጠል ክልል ቢሮ የተቀመጠ ሰው ሊያውቀው ስለማይችል ነው። እኛ እናውቀዋለን። በሩ ከተገነጠለ ቆየ። ሴቶቹ ልጆች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ።

ችግሩ ሪፖርት እንደ ጢስ ወደ ላይ ብቻ መውጣቱ ነው። ወረዳ ይጠይቃል፣ ለወረዳ ትመልሳላችሁ። ወላጅ ሲጠይቅ “ለወረዳ ሪፖርት አድርገናል” ይባላል። ወረዳ ስሄድ ደግሞ “ትምህርት ቤቱ ራሱን በራሱ ነው የሚያስተዳድረው” አሉኝ። ወረዳና ትምህርት ቤት ስመላለስ የቆሸሸ ጫማዬን መናኸሪያ በር ላይ የሚጠርግልኝ ሊስትሮ ታዲያ ጨዋታ አምጥቶ የ9ኛ “ሐ” ተማሪ እንደነበር ነገረኝ፤ ጥር ላይ አቋርጧል። ስም ዝርዝራችሁን ባየው ልጁ እስከ ሰኔ ድረስ እየተማረ ነው። ድጎማው በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ ይሆናል እንዲህ ትጉህ የሆነው። በሂሳብ 61 አምጥቷል፤ ስነግረው በጣም ደስ አለው።

ኡጋንዳ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚልከው ድጎማ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በአማካይ 13 ከመቶ ብቻ እንደነበር በጥናት ተረጋገጠ። መንግሥታቸው የላከውን ገንዘብ መጠን በጋዜጣ ማውጣት፣ ትምህርት ቤቶችም በግድግዳቸው መለጠፍ ጀመሩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሚደርሰው ከ80 ከመቶ በላይ ሆነ። የጋዜጣው ድርሻ ስንት ነው በሚለው ምሁራን ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። እነሱ ዘንድ ገንዘቡ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ትምህርት ቤት ድረስ በሰላም ገብቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው መንገድ የሚጠፋው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት በናንተ ላይ የሚተርት ጠላት አይጠፋም። አትስሙት፤ እናንተ ስለማትሻሩ ቁጭቱ አያሰጋችሁም። የሥራ ዘመናችሁ ካለቀ ቆይቷል። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የምርጫው ነገር ሲነሣ “ጊዜ የለንም፣ በነበረው ይቀጥል” ተብሎ በጭብጨባ አለፈ። ያጨበጨበው የፊተኛው ወንበር ነው። የኋለኛው ያጨበጨበ የመሰላችሁ ትንኝ ሲከላከል ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገቢና ወጪው በየሩብ ዓመቱ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በዋናው በር ከውጭ በኩል ይለጠፍ፤ መስታወትም ቁልፍም አያስፈልገውም። ስንት ብር እንደመጣ፣ ማን እንደተቀበለ፣ ምን እንደተገዛ፣ ከማን እንደተገዛ ይጻፍበት። ከኮሚቴው ጋር ዝምድና የሌላቸው ሦስት ወላጆች ደረሰኙን ከዕቃው ጋር ያመሳክሩ፤ በሰነድ ገቢ የሆነው ዴስክ ክፍል ውስጥ መኖሩን በዓይናቸው ይዩ። ግለ ግምገማውን ስትሞሉ የክፍል ተወካዮች ይቀመጡ፤ በሩ ስለተገነጠለው መጸዳጃ ቤት ነጥብ የሚሰጡት ሴቶቹ ልጆች ይሁኑ። ምርጫው ደግሞ በምስጢር ድምፅ ይሁን። ይህ ሁሉ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ከተደረገም አይከፋኝም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚፈርሙት በዕለቱ እዚያው የነበሩት ብቻ ይሁኑ እንጂ።

ከሰላምታ ጋር
የአንዲት 10ኛ ክፍል ተማሪ አባት

ግልባጭ፦
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት (ወደ ትምህርት ቤቱ እንዳትመሩብኝ)
ለመናኸሪያው ሊስትሮ (ወደ 10ኛ ክፍል ተዛውረሃል፤ መስከረም ላይ መጥተህ ተመዝገብ፣ ድጎማችን እንዳይጎድል)