መንገዱ አለቀ፤ በሩ ይሠራ

የመንደር ልማት ኮሚቴ ሥራው ሁለት ነው፦ መጀመሪያ መንገድ እንዲከፈት ገንዘብ ያዋጣል፤ ቀጥሎ የተከፈተው መንገድ እንዲዘጋ ያዋጣል። የአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ኮብልስቶን በየሰፈሩ ሲነጠፍ፣ ጭቃ ያንገፈገፈው ነዋሪ ሁሉ “ታክሲ ይግባልን፣ አምቡላንስ ይግባልን፣ ለቀስተኛ እንኳ ጫማውን በእጁ ሳያንጠለጥል ይግባልን” ብሎ ነው ከኪሱ ያወጣው። ድንጋዩ ተደርድሮ፣ አሸዋው በየስንጥቁ ገብቶ ሳይረጋ ግን ሁለተኛው ስብሰባ ይጠራል። አጀንዳው አንዲት ናት፦ “አሁንማ ማንም እየገባ ነው!” በቅያሱ መግቢያ የብረት በር ይተከላል፤ ከጎኑ ዘበኛ ቁጭ ሊልበት እንጂ ሊተኛበት የማይችል የቆርቆሮ ቤት ይቀለሳል (ይህ ሆን ተብሎ ነው)፤ መንገዱ የተለመነለት ታክሲም በሩን አይቶ ዞሮ ይመለሳል።

በእኔ እምነት ሌባን የሚያስጨንቀው ብረት አይደለም፤ ሰው ነው። ብረትማ ሙያው ነው፤ ሲፈታታው የኖረ ነው። መንገድ ደግሞ ሰው እንዲመላለስበት የተሠራ ነገር ስለሆነ፣ መንገድ በዘጋን ቁጥር ደመወዝ የማይጠይቁ ጠባቂዎቻችንን እናባርራለን። ጥግ ላይ ጀበና ጥዳ የምትውለውን ሴት አስቡ። የማን ልጅ ከትምህርት ቤት አርፍዶ እንደመጣ፣ የማን ሠራተኛ ሻንጣ ይዛ እንደወጣች፣ የትኛው ቤት ሦስት ቀን መብራት እንዳልበራ እሷ ታውቃለች። ሐሜት እንለዋለን እንጂ ፖሊስ ቢሠራው መረጃ ይባል ነበር። ሊስትሮው ደግሞ ከሷ ይብሳል፤ ፊት አያይም፣ ጫማ ነው የሚያየው። ሌባ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ጭምብሉን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሊሸሽግ ይችላል፤ ጫማውን ግን ምን ሊያደርገው? ሊስትሮው “ይሄ ጫማ የዚህ ሰፈር አይደለም” ካለ ነገር አለ። ጄን ጃኮብስ የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንገድን ሰላም የሚያደርገው ከፖሊስ ይልቅ የሚያየው ዓይን ብዛት መሆኑን ተከራክራ ዝነኛ ሆናለች። የእኛ ባለጀበና ይህንኑ በየቀኑ ስትሠራው የምትባለው ግን “እቃሽን አንሺ፣ በሩ ሊተከል ነው” ነው።

በሩን ከመልመዳችን በፊት ሌባ የምንይዘው በሰው ነበር። በገጠሩ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበረ፦ ከብት ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያየውን የሰማውን ሁሉም ያወጣል። ዘዴው ከባድ ነበር፤ ንጹሑም ከሌባው እኩል ፀሐይ ላይ ይውላልና ይመለስ አልልም። ግን በአንድ እውነት ላይ የቆመ ነው፦ ሰው የጎረቤቱን ውሎና አዳር ያውቃል። በከተማውም በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌ ሲመጣ፣ ከዚያም ሮንድ የሚባለው የማታ ጥበቃ ሲለመድ፣ በተራው ዱላ ይዞ የሚዞረው ያው የሰፈሩ ሰው ነበር። ዛሬ አውጫጭኝ እንጥራ ብንል በአንድ በር ውስጥ የምንኖር ሰዎች ግማሻችን የምንተዋወቀው በመኪና ታርጋ ነው።

“በሩ ከተተከለ ወዲህ አንድም ስርቆት የለም” የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም፤ ባይነሳ ስብሰባው ስብሰባ አይሆንም። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሌባው ሥራ አልለቀቀም፤ በር ያልተከለው ቀጣዩ ቅያስ ሄዷል። እነሱም በር ሲተክሉ ወደኛው ይመለሳል፤ ያኔ በጠራራ ፀሐይ መሰላል ተሸክሞ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ “መስመር ልንጠግን ነው” ይላል፣ ዘበኛውም እጅ ነስቶ ይከፍትለታል። “ጥግ ላይ የሚቀመጡት ጎረምሶች ራሳቸው ናቸው ሌቦቹ” የሚለው ክርክር ይከብዳል፤ አንዳንዴ ልክ ነውና። ግን የሰፈር ልጅ ስም አለው፣ እናት አለው፣ ይሉኝታም አለው፤ እጁ ቢረዝም እንኳ የምንሄድበትን ቤት እናውቀዋለን። ከጥጉ ስናባርረው ሌላ ሰፈር ሄዶ ስም የለሽ ይሆናል፤ የዚያ ሰፈር ስም የለሽም ወደኛ ይመጣል። “መኪና እየበረረ ልጆቻችንን ሊጨርስ ነው” ለሚለው ግን መልስ የለኝም፤ ልክ ነው። መድኃኒቱ ግን በር ሳይሆን ጉብታ ነው። ብቻ ጉብታውን የሚያውቀው ሰው ይሥራው፤ ነዋሪው በራሱ ሲሚንቶ የሚሠራው ተኝቶ የሚያመሰኳ በሬ ያህላል፣ መጀመሪያ የሚፍቀውም የኮሚቴውን ሰብሳቢ መኪና ሆድ ነው።

ሌባው ከመንገዱ ላይ የሚወደው የትኛውን ነው ቢባል መልሱ እግራችን ሥር አለ፦ የማንሆል ክዳን። ብረቱ በኪሎ ይሸጣል፤ ስለዚህ በጠዋት ክብ ጉድጓድ ብቻ እናገኛለን። የከተማው መንገዶች ባለሥልጣንም በዚህ ስርቆት ሲያማርር ዓመታት አልፈዋል። ዘበኛው ሌሊቱን በሙሉ ነቅቶ የጠበቀው በግቢ ያለውን ነው፤ መንገዱን እንዲጠብቅ የነገረው የለም። ነዋሪው ታዲያ ምን ያደርጋል? ቅርንጫፍ ቆርጦ ጉድጓዱ ውስጥ ያቆምበታል። ቅጠሉ እስኪደርቅ ምልክት ነው፤ ክረምት ላይ ከቆመ ደግሞ በችግኝ ተከላ ሪፖርት ውስጥ ሳይቆጠር አይቀርም። የውሃ መስመር ሊጠገን የተነቀለው ኮብልስቶንም ሁሉም አይመለስም፤ ሦስቱ ዘበኛው ሻይ የሚያፈላበት ጉልቻ፣ አንዱ ደግሞ በሩ እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ ይቀራል። በሩ እንዳይዘጋ!

ለበሩ የሚወጣው ገንዘብ ወደ አምፖል ቢዞር እላለሁ። አጥሮቻችን ከፍ ብለዋል፣ ጠርሙስ ተሰክቶባቸዋል፣ ሽቦ ተጠምጥሞባቸዋል፤ መብራቱን ግን ወደ ውስጥ ነው የሰቀልነው። የገዛ ጎመናችን እንደ ሠርግ ቤት ሲደምቅ፣ መንገዱ ላይ ሌባና ዘበኛ በድንግዝግዝ “ማነህ? ማነህ?” ይባባላሉ። እያንዳንዱ ቤት አንዲት አምፖል ወደ ውጭ ቢያዞር ባለጀበናዋ ሁለት ሰዓት ትጨምራለች፤ ሱቁም አብሯት ያመሻል፤ ከሥራ የሚመለሱ ሴቶችም ቁልፋቸውን በጣታቸው መሃል ጨብጠው መሮጥ ይቀርላቸዋል። ዘበኛው አይባረር፤ ፊሽካ፣ የዝናብ ካፖርትና በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ ይሰጠው፤ ዙሪያውንም ይዙር።

በሩ ይኑር ካልን ደግሞ የቁልፉ ነገር አለ። 40 አባወራ 40 ቁልፍ ይፈልጋል፤ እንጀራ አቅራቢዋ፣ ወተት የምታመላልሰው፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ሲጨመሩ ቁልፉ ይበዛል። ስለዚህ “ለጥንቃቄ” ተብሎ ሌሊት አንድ ቁልፍ ብቻ ይሠራል። የአንዱ ቤት ወጥ ቤት በእሳት ሲያያዝ ጎረቤት ኡኡ ይላል፤ 939 ይደወላል፤ ያን ሁሉ አዋጥተን መንገድ ያነጠፍንለት ቀይ መኪናም ደወሉን እያንጫረረ ከች ይላል። ዘበኛው ከሰብሳቢው ደጃፍ ቆሞ ያንኳኳል።

“እትዬ፣ ጋሼ የሉም? ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው።”

“ልቅሶ ሄደዋል፤ እዚያው ነው የሚያድሩት።”