27.8 ዲግሪ

እማማ የምላቸው አንዲት ባልቴት ካሴቶቻቸውን ያመጡልኝ በፌስታል ጠቅልለው፣ ከላይ ነጠላ ደርበውበት ነው። ወለሉ ላይ ደርድረን ቆጠርናቸው፤ 63 ናቸው። የሟች ባለቤታቸው ድምፅ አለበት፣ የቄሶች የግዕዝ ጸሎት አለበት፣ የሰርግ ዘፈን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌዎች ከጎንደር ተነሥተው እስከ ሱዳን በእግር የተጓዙበትን መንገድ እያስታወሱ የተናገሩት ይገኝበታል። «የኔ ልጅ፣ ቴፑ ካሴቱን እየበላብኝ ነው። እባክህ ኮምፒውተር ውስጥ ክተትልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ኮምፒውተሬ አንድ ሰው ቤት ሲቀይር ሕንፃችን ሥር ትቶት የሄደ፣ እኔም አንሥቼ ዴቢያን ሊኑክስ የጫንኩበት ባለ ኢንቴል ዴስክቶፕ ነው። ለድምፅ ቅጂ ይበቃል። ያስቀመጥኩት ማዝጋን (የአየር ማቀዝቀዣ) በሌላት ትንሽ ክፍል ነበር። ወሩ ግንቦት ነው። የምኖርባትን ቤር ሼቫን የሚያውቅ ሰው የግንቦት ሻራብ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከበረሃው የሚነሣው ነፋስ ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፣ ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፣ በመስኮት ክፈፍ ላይ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ አፈር ይቀመጣል። የኔጌቭ አፈር ድንጋያማ ብቻ አይደለም፤ ቤር ሼቫ ዙሪያ ያለው ነፋስ ተሸክሞ ያመጣው ደቃቅ አፈር ነው፤ የማይገባበት ቀዳዳ የለም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከካሴቶቹ ሁሉ የከበደውን ስቀዳ፣ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ስለ ኡም ራኩባ እየተናገሩ ነበር። ኡም ራኩባ በምሥራቅ ሱዳን የነበረ የስደተኞች ሰፈር ነው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የኛ ሰዎች፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በየቀኑ ይቀበሩበት ነበር። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ያለቁት ወደ 4000 እንደሚጠጉ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ የሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ሽማግሌው የቀበሯቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ሳለ ነው ስክሪኑ የጨለመው።

መልሼ አበራሁትና ሙቀቱን ለማየት ተነሣሁ። ሊኑክስ ላይ ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ኤልኤም-ሴንሰርስ ይባላል። ስሙን ያገኘው ናሽናል ሴሚኮንዳክተር ይሠራቸው ከነበሩት ኤልኤም75 እና ኤልኤም78 ከተባሉ የድሮ ቺፖች ነው። «ሴንሰርስ» ብዬ ስጽፍ ሁለት ዓይነት ቁጥር መጣ። ኮርቴምፕ የሚባለው ድራይቨር ሲፒዩው 93 ዲግሪ ደርሷል አለ። ኤሲፒአይ ከሚባለው ከማዘርቦርዱ ፈርምዌር በኩል የመጣው ደግሞ 27.8 አለ።

እኔም 27.8ን አመንኩ። ሰው የሚያረጋጋውን ቁጥር ለማመን ይቸኩላል፤ በዚያ ላይ 93 የሚለው ቁጥር ለጆሮ የማይመስል ነበር። ሲፒዩው የተሳሳተ ሴንሰር አለው ብዬ ደመደምኩና ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ ቅጂውን ቀጠልኩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደገና ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመልሰው ቴፑ ካሴቱን ጎተተው። ሪባኑ ተጨማደደ፣ ከዚያም ተበጠሰ። በማጣበቂያ ቀጠልኩት፤ የተጨማደደው 4 ደቂቃ ግን ጩኸት ብቻ ሆኖ ቀረ። ስሞቹ የነበሩት እዚያ ውስጥ ነው።

ያን ማታ እናቴ ቡና ይዛልኝ ገባች። «ይህች ክፍል እሳት ናት! እዚህ ሆነህ ምን ትሠራለህ?» አለችና እጇን የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው ሰበሰበችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ተራ ቴርሞሜትር 36 ይላል። እዚያው ገባኝ። በፋን አየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ዕቃ ካለበት ክፍል አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ክፍሉ 36 ሆኖ ማሽኑ 27.8 ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ እያየሁት ቆየሁ፤ ቁጥሩ በአንድ አሥረኛ እንኳ አልተነቃነቀም። ለካ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ያ ቁጥር ከምንም ሴንሰር አይመጣም፤ የፈርምዌሩ ሠንጠረዥ ላይ አንዴ ተጽፎ የቀረ ነው። ማንም ሲጠይቀው ያንኑ ይመልሳል።

93 ያለው ግን እውነቱን ነበር። የኢንቴል ሲፒዩ ሴንሰር አሠራሩ ለየት ይላል፤ የሚናገረው ሙቀቱን ሳይሆን እስከ ጣሪያው የቀረውን ርቀት ነው። ጣሪያው በብዙዎቹ ላይ 100 ዲግሪ ወይም እዚያው አካባቢ ነው፤ ኮርቴምፕ ርቀቱን ከጣሪያው ይቀንስና ዲግሪ አድርጎ ያሳየናል። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ጣሪያው በተጠጋ መጠን ይበልጥ ይታመናል። እኔ ያልተቀበልኩት የሚታመንበት ቦታ ላይ ሆኖ ሲነግረኝ ነው።

የቀረው ፋኑ ነበር። ስንት ዙር እንደሚዞር የሚያውቀው ሱፐር አይኦ የሚባል፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሌላ ቺፕ ነው። እሱን ለማግኘት «ሴንሰርስ-ዲቴክት» የሚባለውን ፕሮግራም ማስኬድ ያስፈልጋል። ይህ ፕሮግራም እያንዳንዱን ነገር ከመንካቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ይሰለቸውና ሳያነብ ዝም ብሎ ኢንተርን ይጫናል። የሚጠይቅበት ምክንያት አለው። ድሮ በአንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ ይህን መሰል ፍለጋ የአንዲት ትንሽ ሜሞሪ ይዘት አበላሽቶ ማሽኖቹ አልነሣ ብለው ነበር። የማያውቁትን ቺፕ ማንኳኳት ሁልጊዜ ያለ ጉዳት አያልፍም፤ ጥያቄዎቹን አንብቡ።

የኔ ቺፕ የኑቮቶን ኤንሲቲ6776 ሆኖ ተገኘ፤ ድራይቨሩም ኤንሲቲ6775 ነው፤ አንዱ ድራይቨር ለብዙ ወንድማማች ቺፖች ያገለግላል። «ሞድፕሮብ» ብዬ ልጭነው ስል እምቢ አለኝ። የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መዝገብ ስከፍት የተጻፈው ይህ ነበር፤ ድራይቨሩ የሚፈልገው አድራሻ ኤሲፒአይ ከያዘው ጋር ተጋጭቷል።

እዚህ ላይ ከተማዬን ማንሣት ግድ ይለኛል። አማርኛ አንባቢ ይህችን ከተማ የሚያውቃት ቤርሳቤህ ብሎ ነው። አብርሃም የአቢሜሌክ ባሪያዎች ጉድጓዱን ነጥቀውት ከሶ፣ ሰባት ቄብ በጎች ለምስክር አቁሞ፣ ሁለቱም ተማምለው ጠቡ የበረደባት ቦታ ናት። የኔም ጉዳይ የጉድጓድ ጠብ ነበር። ሱፐር አይኦው ሁለት ጠባብ በሮች አሉት፤ በአንዱ የሚፈለገውን ሬጅስተር ቁጥር ይጽፉበታል፣ በሌላው መልሱን ያነባሉ። ፈርምዌሩ ቁጥር ጽፎ ሳያነብ ድራይቨሩ መሐል ገብቶ ሌላ ቁጥር ቢጽፍ፣ ፈርምዌሩ የሌላውን መልስ እንደ ራሱ አድርጎ ይወስዳል። በማንበብ ከሆነ የተሳሳተ ቁጥር ይወጣል፤ በመጻፍ ከሆነ ደግሞ ፋኑን ሊያቆም ይችላል። ከርነሉ ከ2.6.31 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ግጭት ሲያይ ድራይቨሩን የሚከለክለው ለዚህ ነው። ክልከላው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም መውጫ በር ተትቶለታል። ማሽኑ ሲነሣ ከርነሉ የኤሲፒአይን ይዞታ በጥብቅ እንዳያስከብር «ላክስ» የሚል ትእዛዝ ግራብ በሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም በኩል ይሰጠዋል። ብዙዎች ይህን እንደ መድኃኒት ያዝዙታል፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። የኃላፊነት ፊርማ ነው። ለአንዳንድ ማዘርቦርዶች በኋላ የተሻለ መንገድ ተጽፏል፤ ድራይቨሩ ቺፑን በቀጥታ ከመንካት ይልቅ ፈርምዌሩን ጠይቆ በእሱ በኩል ያነባል። ለኔ ቦርድ ያ ስላልነበረ ፈረምኩ። ለራሴም ወሰን አበጀሁ፤ ማንበብ ብቻ፣ የፋኑን ፍጥነት ከሊኑክስ በኩል አልነካም።

ድራይቨሩ ገባ። የሲፒዩው ፋን በደቂቃ 410 ዙር። በዚያ ሙቀት!

ደረጃው ላይ አውጥቼ ከፈትኩት። የሙቀት ማስተላለፊያው ክንፎች መሐል ያ ቢጫ አፈር ከጸጉርና ከብናኝ ጋር ተቀይጦ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ፋኑ ራሱ በአፈር ተይዞ ያቃስታል። በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ፣ የደረቀውን ፔስት ፍቄ አዲስ ቀባሁ። ስመልሰው ፋኑ 1900 ዙር ደረሰ፣ ሲፒዩው ወደ 62 ወረደ። እናቴ እጇን እንደገና አሳረፈች። «አሁን ደህና ነው» አለች።

ጉዳዩ ግን አላበቃም። ካሴት ዳግም እንዳይበላብኝ ፈርቼ ጠባቂ ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ሙቀቱ ከ90 ካለፈ ቅጂውን በሥርዓት ዘግቶ ማሽኑን እንዲያጠፋ። ከርነሉ የሙቀት ቁጥሮችን በተራ ፋይል ያስቀምጣል፤ የተጻፈውም በሺህኛ ዲግሪ ነው፣ 62000 ማለት 62 ዲግሪ ነው። የሲፒዩው ፋይል ያለው ኤችደብሊውሞን 2 በሚባል ማውጫ ሥር ስለነበር ያንን አድራሻ ስክሪፕቱ ላይ ጻፍኩት። ለሁለት ሳምንት ሠራ።

ከዚያ ከርነሉን አድሼ ማሽኑን አስነሣሁ። የቄሶቹን ጸሎት፣ ግዕዝ ከአገውኛ ጋር የሚፈራረቅበትን፣ መቅዳት ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑ ራሱን ዘጋ። ጠባቂው የጻፈውን ሳነብ 127000 ይላል። ፋኑ የተጠረገለት ሲፒዩ ከተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 127 ዲግሪ አይደርስም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የማውጫዎቹ ቁጥር ቋሚ አድራሻ አይደለም፣ ድራይቨሮቹ በተነሡበት ቅደም ተከተል የሚታደል ነው። ሲታደስ ቅደም ተከተሉ ተለወጠና 2 የነበረው 3 ሆነ፣ በቦታውም የሱፐር አይኦው ማውጫ ገባ። የተነበበው ደግሞ ምንም ሴንሰር ያልተያያዘበት የቺፑ እግር ነበር። ባዶ እግር የሚመልሰው እንደዚህ ያለ የዳር ቁጥር ነው፤ 127፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች 128። ቺፑ ላይ ስንት መግቢያ እንዳለ ቺፑን የሠራው ያውቃል፤ የትኛው ላይ ምን እንደተያያዘ የሚያውቀው ግን ቦርዱን የሠራው ነው፤ ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ ለማንም አይነግርም።

እንግዲህ ያ ማሽን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሐሰት ነግሮኛል፤ አንዱ የሚያስተኛ፣ አንዱ የሚያስደነግጥ። የበለጠ የጎዳኝ የሚያስተኛው ነው።

አሁን ስክሪፕቱ በእያንዳንዱ ማውጫ ውስጥ ያለውን «ኔም» የሚል ፋይል አንብቦ ኮርቴምፕ የሚለውን በስሙ ይፈልጋል። አንድ ቁጥር ብቻ አይቶም አይዘጋም፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካላየ አይነካም። ባዶውን እግርና 27.8ን በሴንሰርስ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ «ኢግኖር» ብዬ ከዓይኔ አራቅኳቸው። ለዚህ ሁሉ መሠረት የጣሉትን ሰዎች አመሰግናለሁ። ዣን ዴልቫርና ጉንተር ሮክ ለዓመታት ይህን የከርነል ክፍል ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ ድራይቨሮች ሙሉ ሰነድ ሳይኖር፣ በየሰው ቤት ያለው ማዘርቦርድ የሚለውን እየሰበሰቡ የተጻፉ ናቸው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለዓለም ያስተዋወቀው በኦገስት 1991 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሜይ 24 እና 25፣ በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዘ። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ፣ በእናቴ ጀርባ ላይ። እማማ ደግሞ ከኛ በፊት፣ በሱዳን በኩል ነው የመጡት።

እስከ ዛሬ 41 ካሴት ተቀድቷል፣ 22 ይቀራል። እማማ ስለተጨማደደው ካሴት ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ያን ጊዜ ካሴት እያባዛን እንላላክ ነበር። አንዱ ቤት ይኖራል» አሉኝ። አሽዶድም፣ ኪርያት ማላኪም፣ ነታንያም፣ ጎንደርም ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የእናት አባቶቻችሁን ሣጥን እባካችሁ ክፈቱ። አንድ ሽማግሌ በኡም ራኩባ የቀበሯቸውን ሰዎች ስም የሚጠሩበት ካሴት ካገኛችሁ ቴፕ ውስጥ አታስገቡት፤ እንዳለ ጠብቁትና ላኩልን። የሚቀዳበት ማሽን ተጠርጓል፣ ሙቀቱም በእጅ ተፈትኗል።