አባቢ፣ ይሄ አልተቆጠረም

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይን ያየ እንግዳ «በዚህ ከተማ ደካማ ወንድ የለም» ብሎ ቢመለስ አይፈረድበትም። ደረጃውን ሽቅብ የሚሮጠው፣ ገመድ የሚዘለው፣ በሙዚቃ ተሰልፎ የሚወዛወዘው ሁሉ አለ። ጆሮ የሚይዘው ግን መሬት ላይ ተዘርግቶ ፑሽ አፕ የሚሠራው ነው፤ ጮክ ብሎ ይቆጥራልና። ደረጃ የሚወጣ ሰው ስንት ደረጃ እንደወጣ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ፑሽ አፕ ግን ያለ ቁጥር አይወራም። «ስፖርት ትሠራለህ እንዴ?» ሲባል «አዎ» ብሎ የሚያቆም የለም፤ «ስልሳ ፑሽ አፕ እሠራለሁ» ይከተላል።

ታዲያ ቆም ብለው ሲያዩት ስልሳው ስንት ዓይነት ነው! አንዱ ክንዱን ሳያጥፍ አንገቱን ብቻ ወደ መሬት ይነቀንቃል፤ ጥሬ የሚለቅም ዶሮ ይመስላል። ሌላው መቀመጫውን እንደ ሠርግ ድንኳን ሽቅብ ተክሎ ትከሻውን ያወዛውዛል። የሦስተኛው ወገብ ረግቧል፤ ደረቱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ቦርጩ ቀድሞ ደርሶ መሬት ይሳለማል። አራተኛው ስልኩን በሃይላንድ ጠርሙስ አስደግፎ ራሱን ይቀርጻል። አሥር ይሠራል፣ ተነሥቶ ያየዋል፣ ካልተመቸው ስልኩን አዙሮ እንደገና ይጀምራል። ቁጥሩን ግን የሚቀጥለው ካቆመበት ነው። ከሃያ ዘጠኝ በቀጥታ ሠላሳ አምስት የሚገባም አይቻለሁ፤ መሀል ያሉት «ወራጅ አለ» ብለው ቀርተዋል።

ጥፋቱ ከትምህርት ቤት የመጣ ይመስለኛል። በእኛ ጊዜ ፑሽ አፕ ስፖርት ሳይሆን ቅጣት ነበር። ያረፈደ አሥር፣ ያወራ ሃያ። መምህሩ ፊቱን ሲያዞር በጉልበታችን እናርፋለን፣ ሲመለስ «አሥራ ስምንት!» ብለን እንጮኻለን። ቅጣትን በልኩ የሚከፍል ሞኝ ብቻ ነበር። ይኸው ዛሬ አርባ ዓመት አልፎን፣ የሚቀጣን ሳይኖር፣ ራሳችን በራሳችን ላይ የጣልነውን ቅጣት እያጭበረበርን እንኖራለን።

በላይኛው ፎቅ የሚኖረው ጎረቤቴ በዚህ በኩል ሊቅ ነው። «ዛሬ መቶ ሃያ ሠራሁ» ካላለ ቡናው አይወርድለትም። እኔም እንዳልናቅ «ሠላሳ» እል ነበር። አንድ ቀን ሠላሳዬን ሰማና እንደ ሐኪም አዘነልኝ።

«ወንድሜ፣ አርባ ካልደረስክ እኮ ልብህ አደጋ ላይ ነው። ጥናት አለ።»

ጥናቱስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ነው። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት 1,104 ወንድ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ለአሥር ዓመት የተከታተለ ሲሆን፣ ከ40 በላይ ፑሽ አፕ የሠሩት ከ10 በታች ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በልብና በደም ሥር ሕመም የመጠቃት ዕድላቸው በ96 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጎረቤቴ የነገረኝ እስከዚህ ነው። ሰውዬው ጥናትን እንደ ቁርጥ ሥጋ የሚወደውን ብልት ብቻ አስመዝኖ ነው የሚገዛው። ሰዎቹ የሚሠሩት በደቂቃ 80 ጊዜ «ቋ» በሚል ምት እየተመሩ እንደነበር፣ ሦስት ምት የሳተ እዚያው ላይ እንዲያቆም ይደረግ እንደነበር፣ ቆጣሪውም የክሊኒኩ ሠራተኛ እንጂ ሠሪው ራሱ እንዳልነበር አልነገረኝም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ውጤቱ ለሴቶች፣ በሌላ ዕድሜ ላሉና እንቅስቃሴ ለማያዘወትሩ ወንዶች ላይሠራ ይችላል ማለታቸውንም ዘሎታል። ፑሽ አፕ ልብን ይጠብቃል ወይስ ጤነኛ ልብ ያለው ነው ፑሽ አፕ የሚችለው የሚለውማ ለቡና ወሬ አይመችም።

ቢሆንም ፈራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተዘረጋሁና ሰባት ዓመት ያልሞላትን ልጄን ቁጠሪልኝ አልኳት። ልጅ ያበረታታል ብዬ ነው። እሷ ሮጣ ሄዳ የወንድሟን የካልሲ ኳስ አመጣችና ከደረቴ ሥር አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ደረትህ እሱን ካልነካ አልቆጥርም። የስፖርት ቲቸራችን እንደዚህ ነው የምታደርገው።»

የመጀመሪያውን ወርጄ ተነሣሁ። ዝምታ። ሁለተኛውን ሠራሁ። «አባቢ፣ ይሄ አልተቆጠረም።» ሦስተኛውን በንዴት ወርጄ ኳሱን ነካሁት። «አንድ» አለች። ለስንት ዓመት ስናገርለት የኖርኩት ሠላሳ በዚያች ጠዋት አራት ሆኖ ቀረ። አምስተኛው ላይ ወርጄ አልተነሣሁም። ኳሱ ላይ ተኝቼ ሳለሁ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ስፖርት እየሠራ ነው» አለቻት ልጄ።

ነገሩን ካጣራሁ በኋላ አራቴን ማክበር ጀመርኩ። በትክክል የተዘረጋ ሰው ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በእጁ ይሸከማል። ለእኔ ለሰማንያ ኪሎው፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከነምራቂው ማለት ነው። መዳፍ ከትከሻ ጥቂት ሰፋ ይላል። ክርን ወደ ጎን አይበረገድም፣ ሰያፍ ሆኖ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሆድና መቀመጫ ይጠብቃሉ፤ ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ያለ ጣውላ መሆን ነው። ሁሉም በአንድነት ይወርዳል፣ በአንድነት ይነሣል፤ ቦርጭ ቀድሞ እንዲሄድ አይፈቀድለትም።

ያልቻለ ደግሞ ሸክሙን ያቀላል እንጂ መንገዱን አያሳጥርም። እኛ ግን ሁልጊዜ የምናሳጥረው መንገዱን ነው። እጅን ስልሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጎ መሥራት ሸክሙን ወደ አርባ በመቶ ገደማ ያወርደዋል፤ ግድግዳ ደግሞ ከዚያም ያቀለዋል። ስለዚህ ከግድግዳ ጀመርኩ። መንገድ ላይ የቆመች ላዳ የሚገፋ ሰው መስዬ ሳሎን ውስጥ ስገፋ ባለቤቴ አየችኝ። «ቤቱ ሊሰፋልን ነው?» አለች። ግድግዳው ሲቀለኝ ወደ ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ሲቀለኝ ወደ ሶፋው ወረድኩ። ይህን ለጎረቤቴ እንዴት ብዬ ልንገረው? «ዛሬ ሶፋ ላይ ነበርኩ» ብለው ተኝቶ ዋለ ነው የሚለኝ።

ዐቢይ ጾም ላይ እናቴ እኛ ዘንድ መጣች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷን ያማታል። ሌሊት ስነሣ መቁጠሪያዋን ይዛ ስትሰግድ አገኘኋት። አርባ አንድ ፍሬ ነው መቁጠሪያው። ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ግንባሯ ምንጣፉን ይነካል፣ ቀስ ብላ ትነሣለች፣ ከዚያ በኋላ ነው አንዷ ፍሬ በጣቷ የምታልፈው። ቆሜ አየሁ። አንድም ጊዜ ሳትነካ ፍሬ አላሳለፈችም። ሲነጋ «እማዬ፣ ግንባር ሳይነካ የተነሡ እንደሆነስ?» ብዬ ጠየቅኳት። ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ታዲያ ምን ልሠራ ወረድኩ?» አለች። የእሳት አጥፊዎቹን አርባ በአንድ እንደምታልፈው ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። እንደኛ ወሬ መስሏት ታዝን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሆነ ሥራዬ። ከምችለው ግማሹን ብቻ ሠርቼ፣ ክንዴ ሳይዝል እነሣለሁ፤ የዛለ ክንድ ነውና ቅርጽ የሚያበላሸው። ጥርሴን ሳልፋቅ ሁለት። ቡናው ሲቆላ ሁለት። ጠፍቶ የዋለው መብራት ሲመጣ፣ በደስታ፣ ሁለት። አንድ ቀን ሠርቼ አንድ ቀን አርፋለሁ፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው ይላሉ፣ ይህንን ክፍል ያለ ማጭበርበር ነው የምፈጽመው። አራቷ ስድስት ሆነች። ሰባት ላይ ሁለት ሳምንት ቆመች፤ እዚያ ላይ ነው ሰይጣን «አንገትህን ብቻ ጣል አድርግ» የሚለው። በሦስተኛው ወር አሥራ አራት ገባሁ፤ ሁሉም በኳስ የተመሰከረላቸው። አሥራ አራት ደግሞ ለማንም አይወራም። «ስንት ትሠራለህ?» ተብዬ «አሥራ አራት» ስል ሰዎች «በአንድ እጅ?» ይሉኛል።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ለቡና ወረደ። ገና ፈንዲሻው ሳይቀርብ «ዛሬ መቶ ሃምሳ!» አለ። እኔ ዝም አልኩ። አንድ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1980 ያለ ዕረፍት ከአሥር ሺህ በላይ መሥራቱን ነገረን፤ በጉዳዩ ላይ የተቀደመው በእሱ ብቻ ይመስላል። ልጄ ከሥር ከሥር ስታየው ቆይታ ተነሥታ ሄደች። ምን ልታመጣ እንደሄደች ገብቶኛል፤ አላስቆምኳትም።

«ጋሼ፣ እዚህ ይሠሩልኛል? እኔ እቆጥራለሁ።»

ሰውዬው ልጅ አያሳፍርም። ጃኬቱን አውልቆ ሶፋው ላይ ጣለ፣ ሰዓቱን ፈታ፣ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። ኳሱ ከደረቱ ሥር ገባ። ከዚያ እንደ ስፌት መኪና ጀመረ፤ ትክ ትክ ትክ። ፊኒጃሎቹ ረከቦቱ ላይ ተንቀጫቀጩ። በግምት ሃያ ያህል ሲሆን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቀና አለና፦

«አንቺ፣ ለምን አትቆጥሪም?» አላት።

«አንድ እስኪሆን እየጠበቅኩ ነው» አለችው።