ሣር የማይበላ ደንበኛ

ጎረቤቴ የአራት ወር ቡችላ አለው። ስሙ ጃኪ ነው። ነቀምቴ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ «ጃኪ!» ብሎ የተጣራ ሰው ቢያንስ አራት ውሻ ይመጣለታል፤ ለቀሩት «ቦቢ!» ማለት ነው። ይህኛው ጃኪ ከሥጋ ቤት ጓሮ በካርቶን ተይዞ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ በነጻ የመጣ ነው። እስካሁን ሁለት ነጠላ ጫማና የአንድ ወንበር እግር በልቷል። ዋጋ የወጣለት ግን ከሚኒሶታ ስልክ ከተደወለ በኋላ ነው።

የደወለችው የጎረቤቴ የወንድም ልጅ ናት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ማን አገባ ማን ሞተ ከተባባሉ በኋላ ጃኪ ከጀርባ ሲጮህ ሰማችው።

«ጋሼ፣ ኢንሹራንስ ገባህለት እንዴ?»

«ለማን?»

«ለውሻው።»

«መኪና መሰለሽ?»

አስረዳችው። እሷ ለውሻዋ በየወሩ ትከፍላለች። ውሻው ሲታመም መጀመሪያ ከኪሷ አውጥታ ታሳክማለች፤ ከዚያ ደረሰኝ ትልካለች፤ ከወጪው የተወሰነው እሷው ላይ ይቀራል፤ የቀረው ይመለስላታል። ውል ከመግባቷ በፊት የነበረበት በሽታ ግን አይካተትም። ስለዚህ በቡችላነቱ መግባት ነው ብልህነቱ። ጎረቤቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የያዘው የመጨረሻዋን ነው። ስልኩን እንደዘጋ «ሲያረጅ ይወደዳል አለችኝ» ብሎ ለባለቤቱ ነገራት።

«መርፌውስ?» አለች ከማጀት።

«እሱ ይደርሳል።»

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ባለበት ሰፈር ምንም ነገር ሳይሰላ አያልፍም። በማግስቱ ቡና ላይ ባለሱቁም እኔም ባለንበት አዲስ ደብተር አወጣ፤ በማስመሪያ መሃሉን ከፈለና ከላይ «ሥጋቶች» ብሎ ጻፈ። ቁጥር አንድ፣ ጅብ። ቁጥር ሁለት፣ ባጃጅ። ቁጥር ሦስት፣ ሌባ።

«ጅብ ከበላው ደረሰኝ የሚሰጠው ማነው?» አለ ባለሱቁ።

ይህ ጥያቄ ብቻውን ሁለት ቀን ፈጀ።

እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ካልተናገርኩ ቡናው አይወርድልኝም። ለውሻ መድን መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1924 ስዊድን ውስጥ ነው፤ አሜሪካኖቹ የመጀመሪያውን ውል የጻፉት በ1982 ለፊልሟ ውሻ ለላሲ ነው አልኳቸው። ጎረቤቴ ቅር አለው። ስዊድኖቹ እኮ ነቀምቴን ያውቋታል፤ ሚስዮናውያናቸው ትምህርትም ሕክምናም ይዘው መጥተዋል፤ እዚሁ ያረፉት አናሲሞስ ነሲብም የተማሩት እነሱ ዘንድ ነው። «ያን ሁሉ ሲያመጡ ይህቺን ረሱ?» አለ፣ የራሱን ድርሻ የተነፈገ ወራሽ መስሎ።

አገር ውስጥ ያለውን ማሰስ ለእኔ ተሰጠኝ። የከብት መድን አለ። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ቦረና ላይ በ2004 ዓ.ም. የጀመረው ደህና ዘዴ ነው፤ ሳተላይት ከላይ ሆኖ የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፤ ድርቁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አርብቶ አደሩ የሞተ ከብት ቆዳ ተሸክሞ ሳይሄድ ይከፈለዋል። ይህን ስናገር ሁላችንም ጃኪን አየነው። የወንበሩን ሁለተኛ እግር ጀምሯል። ሣር አይበላም። ሳተላይቱ ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ቀጥሎ እድሩ ታሰበ። የእድራችን ደንብ ለእናት ለአባት ይህን ያህል፣ ለአማት ይህን ያህል እያለ ይወርዳል፤ ውሻ ጋ አይደርስም። «ለጃኪ ድንኳን ተከሉ ብዬ ሊቀ መንበሩን አልለምንም» አለ ባለሱቁ። የማኅበረሰብ ጤና መድንም ተነሣ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ አገር ያዳረሰው ማለት ነው፤ መዋጮው በቤተሰብ ነው። ጎረቤቴ ጃኪ ከቤተሰብ ይቆጠር እንደሆነ ለማየት ካርዱን ከመሳቢያ አወጣ። ካርዱ ከታደሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቤተሰቡ ራሱ ከቤተሰብ አይቆጠርም። ቀስ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ መለሰውና ወደ ደብተሩ ዞረ።

«መርፌውስ?» አለች ባለቤቱ፣ ስኒ እየሰበሰበች።

«ሒሳቡ ላይ ነን እኮ!»

ከዚያ ባለሱቁ «ሦስተኛ ወገን» የሚል ነገር አመጣ። ውሻም እንደ መኪና ሰው ይጎዳል፤ ስለዚህ እንደ መኪና ለሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልገዋል ነው ነገሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተፈለገ፤ የ1952ቱ፣ ሽፋኑን አይጥ የበላው። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳይታሰብ አምልጦት ቢሆን እንኳ። ጎረቤቴ ፊቱ ጠቆረ። ዝቅ ብሎ ሲያነብ ግን በራ፤ ባለቤቱ የግል ጥፋት ከሌለበት የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው ለቆ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል።

ባለሱቁ እግሩን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። «እኔን ቢነክሰኝ የኔ ይሆናል ማለት ነው?»

«ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«ተነክሼም እቀልበዋለሁ?»

እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ሄደ። ደብተሩ ላይ ሥጋቶቹ አሥራ አንድ ደረሱ፤ ነብርና መብረቅም ገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ አልገባም። አስታዋሽ አጥተን አይደለም፤ አስታዋሻችን ማጀት ስለነበረች ነው። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ከሚይዘው ከመቶ 99ኙ ከውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ክትባት ፍለጋ መሮጥ አለበት፤ ድሮ ሩጫው አዲስ አበባ ድረስ፣ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ወደሚለው ቦታ ነበር። ለውሻው ግን ነገሩ ቀላል ነው። ሦስት ወር ሲሞላው አንድ መርፌ፣ ከዚያ በየዓመቱ መድገም። በከተማችን ዙሪያ ያለ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ውሻ በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ሲጠብቅ ያድራል እንጂ የእሱን መርፌ ቀን የሚጠብቅለት ብዙም አይገኝም። የኔ ቦቢስ? እሱን ተዉት። ሦስት ዓመቱ ነው፤ የክትባት ካርድ የለውም።

አንድ ማለዳ የጎረቤቴ ባለቤት ጃኪን ዘንቢል ውስጥ ከታ፣ ከላይ በነጠላ ሸፍና ወጣች። ገበያ የምትሄድ መስሎን ስለ መብረቅ መከራከራችንን ቀጠልን። ከረፋዱ በኋላ ስትመለስ ጃኪ በዘንቢሉ አፍ አንገቱን አውጥቶ በጣም የተበደለ መስሏል። የከፈለችው ገንዘብ በሦስቱ ሳምንት ለእኛ ከቆላችው ቡና አይበልጥም።

ማታ ጎረቤቴ የክትባቱን ካርድ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ቀኑን አየ፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አየ፤ ከዚያ «የባለቤት ስም» የሚለው ላይ ቆመ። የተጻፈው የእሷ ስም ነው።

«እንግዲህ» አለ፣ ደስታው ከድምፁ አልደበቅ ብሎ፣ «በአንቀጽ 2071 መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«አንብበህልኛል እኮ» አለች፣ ከሰሉን እያራገበች። «መጀመሪያ አንተን ይነክስህና ለቅቄልህ እገላገላለሁ።»

ጃኪ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ የሰውየውን ካልሲ ጫፍ ይዞ ነበር።